«ራውሶ» እና ራያ፦ በጥንታዊ ግሪክ መልክዐ ምድር ስለሚገኙ የአገራችን ስሞች አተረጓጎም

የቦታ ስም መተርጐም ከሌላው የትርጉም ሥራ ሁሉ የቀለለ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ስም አይተረጐምም፤ እንዳለ ይጻፋል ይባላልና። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ስም «እንዳለ» በመጻፉ ብቻ የተፈጠረን ስሕተት ነው። መነሻ የሆነንም ጥቂት ገጾች ያሉት አንድ የተባዛ ጽሑፍ ነው።

ጽሑፉን ያገኘነው ዋጃ ላይ ነው። በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ በሰፊው የራያ ሜዳ ላይ ወደምትገኘው ወደዚህች ከተማ የሄድነው የወንዝ፣ የጕብታና የእርሻ ቦታ ስሞችን ለመመዝገብ ነበር። አንድ የታሪክ መምህር ማታ ካረፍንበት ድረስ መጥቶ ወረቀቶቹን አቀረበልንና፣ «ዶክተር፣ ይኼን እስቲ ይዩልኝ፤ እውነት ከሆነ ለልጆቹ ላስተምረው አስቤያለሁ» አለን። የአዱሊስ ሐውልት እየተባለ የሚጠራው የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰበት ነው። ተርጓሚው ስሙን አልጻፈበትም፤ ያባዛው ክፍልም አይታወቅም፤ ዓላማችን የአሠራሩን መንገድ መተቸት እንጂ ሰውን መክሰስ ስላልሆነ ይህ መሆኑ አይጎዳንም። በመጨረሻው ገጽ «ራውሶ» ከሚለው ስም አጠገብ በቅንፍ «ራያ» የሚል ቃል ገብቷል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ያ የቀይ መሥመር ጉዳያችንን ከተራ የፊደል ክርክር በላይ አድርጎታል። የአገሩ ስም በጥንት መጽሐፍ ተጽፎ ለማየት የማይመኝ ማን ነው? ተርጓሚው ያቺን ቅንፍ ሲያስገባ ለመምህሩና ለተማሪዎቹ ስጦታ የሰጠ መስሎት ይሆናል። የሰጣቸው ግን የሌላ ሕዝብ ስም ነው።

በዚያው ቀን ጠዋት ያጋጠመንን አስቀድመን እንናገር፤ ኋላ ይጠቅመናልና። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የሚታይ አንድ ጕብታ ስሙ ማን እንደሆነ አንድ አዛውንት ገበሬን ብንጠይቃቸው፣ «ከማን ጋር ስትነጋገሩ?» ሲሉ መልሰው ጠየቁን። ፌዝ አልነበረም። በራያ ሜዳ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ በምሥራቁ ቆላ ደግሞ አፋር አለ። አንዱ ጕብታ ለአራሹ አንድ ስም፣ ለግመል ነጂው ሌላ ስም አለው፤ አዛውንቱም ሁለቱንም ያውቃሉ። የቦታ ስም ቦታውን ብቻ ሳይሆን ጠሪውንና ተጠሪውንም እንደሚያመለክት በሦስት ቃል ነገሩን።

ስለ ዋጃ ስም ትርጉም በየቋንቋው ፍቺ የሚሰጥ አላጣንም፤ እዚህ መድገሙ ግን ለያዝነው ጉዳይ አይረዳም። ይልቁንስ ከጎረቤቶቿ ሁለቱን እንመልከት። ኦሮምኛ የሚያውቅ ጆሮ «ቆቦ» ሲባል ጉሎ የሚባለውን ተክል ይሰማል፤ የማያውቅ ግን የመነኵሴ ቆብ ይታየዋል። «ሮቢት» ሲባል አንዱ የረቡዕ ገበያ ትዝ ይለዋል፤ ሌላው በኦሮምኛ ዝናም ማለት የሆነውን «ሮባ» ያስታውሳል። ጆሮ በተፈጥሮው የማያውቀውን ድምፅ ወደሚያውቀው ቃል ይጐትታል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጆሮው ይህን እንዳያደርግ ሊከለክለው አይችልም፤ ጆሮው ያለውን ሁሉ ግን እንደ ማስረጃ አድርጎ ሊጽፍ አይገባውም።

ወደ አዱሊሱ ጽሑፍ እንመለስ። ጽሑፉ እንዴት እንደ ደረሰን ማወቅ ለተርጓሚው ግዴታው ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ ንጉሥ ካሌብ በሒምያር ላይ ለመዝመት በሚሰናዳበት ወቅት፣ ሕንድ ተጓዥ የሚል ቅጽል የወጣለት ቆስማስ በንግድ ምክንያት አዱሊስ ነበር። በከተማው መግቢያ አንድ የዕብነ በረድ ዙፋን፣ ከኋላውም አንድ የተጻፈበት የድንጋይ ሰሌዳ ይገኝ ነበር። ንጉሡ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክለት የአዱሊሱን ሹም አዘዘ፤ ሹሙም ሥራውን ለቆስማስና ሜናስ ለሚባል ሌላ ነጋዴ ሰጣቸው። ቆስማስ ለራሱ ያስቀረውን ግልባጭ ከዓመታት በኋላ በጻፈው የክርስቲያን መልክዐ ምድር በተባለው መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ዙፋኑም ሰሌዳውም ዛሬ የሉም። በእጃችን ያለው የግልባጭ ግልባጭ ነው።

ቆስማስ ሁለቱን ጽሑፎች አንድ ተከታታይ ቃል አድርጎ ተረዳቸው። ሰሌዳው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ246 ዓመት የነገሠው የበጥሊሞስ ሣልሳዊ ነው፤ ዙፋኑ ግን ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ የነበረና ስሙ ከጽሑፉ መጀመሪያ ጋር የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ነው፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት በ2ኛውና በ3ኛው መቶ ዓመት መካከል ያደርጉታል። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለይቶ አሳይቷል። የዋጃው ወረቀት ግን ሶልትን የሰማው አይመስልም። ሁለቱን ጽሑፍ ያለ አንዳች ክፍተት አገናኝቶ፣ የግብፁ በጥሊሞስ አጋሜን እንዲወጋ አድርጎታል።

የአክሱሙ ንጉሥ አስገበርኋቸው የሚላቸው ሕዝቦች ዝርዝር ረጅም ነው፤ ጋዜ፣ አጋሜ፣ አውዋ፣ ጢያሞ፣ ጋምቤላ፣ ዚንጋቤኔ፣ አንጋቤ፣ አታጋውስ፣ ቃላአ፣ ሳሜኔ፣ ላሲኔ፣ ዛአ፣ ጋባላ፣ ቤጋ እያለ ይቀጥላል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዝርዝር ስታነብ ጆሮህ ምን እንዳደረገ ልብ በል። «ጋምቤላ» ላይ ሲደርስ ሳይቆም አልቀረም። ወረቀቱም እዚያ ላይ አልተጠራጠረም፤ የግርጌ ማስታወሻ እንኳ ሳያስፈልገው የባሮን ወንዝ ዳር ከተማ ለአክሱም አስገብሯል። ነገር ግን በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ጋምቤላ የሚገኘው ከአጋሜ ጥቂት ስሞች ዝቅ ብሎ፣ ንጉሡ ተከዜን ከመሻገሩ በፊት ነው። ዘመቻው በምዕራብ ጠረፍ ወደሚገኘው ቆላ የሚደርስበት ምንም መንገድ የለም።

በአንጻሩ «አታጋውስ» ለጆሮ ምንም አይልም። ይሁን እንጂ አገው መሆኑን ዛሬ አብዛኛው ተመራማሪ ይቀበለዋል። ለምን ቢባል፣ ቆስማስ በዚያው መጽሐፍ ሌላ ቦታ ላይ፣ ሳሱ ወደምትባለው የወርቅ አገር የሚሄዱ ነጋዴዎች የሚላኩት በአገው ሹም አማካይነት መሆኑን በራሱ ቃል ሲናገር ስሙን «አገው» ብሎ ጽፎታልና። «ሳሜኔ»ም ሰሜን መሆኑ የተረጋገጠው ድምፁ ስለ ቀረበ ብቻ አይደለም። ጽሑፉ ከዓባይ ማዶ ባሉ፣ በረዶና ብርድ በማይለያቸው፣ አመዳዩ የሰው ጕልበት በሚያሰጥም ተራሮች ላይ እንደሚኖሩ ይናገራል። ዓባይ ያለው ተከዜን ነው፤ ከተከዜ ማዶ እንዲህ ያለ ብርድ የሚገኘው ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ በሚሉት ተራሮች ላይ ነው። «ቤጋ»ን ደግሞ የኢዛና ጽሑፎች ያጸኑታል።

ፍጹም የሚመሳሰለው ስም ሐሰት፣ የማይመሳሰለው እውነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የተሻገረ ስም በሁለት ቋንቋ አፍና በብዙ ገልባጭ እጅ ካለፈ በኋላ ምንም ሳይለወጥ ቢገኝ፣ ሊያጠራጥረን የሚገባው ይኸው አለመለወጡ ነው።

አሁን «ራውሶ»ን እንይ። ስሙ የሚገኘው ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ነው። የዋጃው ወረቀት እንዲህ የሚል ይዘት አለው፤ ራውሶዎች ዕጣን ከሚለቅሙ አረመኔዎች መካከል፣ ውሃ በሌለባቸው ታላላቅ ሜዳዎች የሚኖሩ ናቸው። ሜዳ የሚል ቃል ሲያይ ተርጓሚው የራያ ሜዳ ታወሰው፤ «ራ» የሚል ድምፅ ደግሞ አለ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ያልታየው «አረመኔ» በተባለው ቃል ውስጥ የተቀበረው ነው። የግሪክኛው ቃል «ባርባሮይ» ነው። በፈላስፎች ወይም በተውኔት ጸሐፊዎች ዘንድ ይህ ቃል ግሪክኛ የማይናገር ባዕድ ማለት ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ግን የመልክዐ ምድር ስም ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የባሕር ዳርና በተለይም ከባብ ኤል መንደብ ወዲያ ያለውን የዕጣን ንግድ ጠረፍ በዚሁ ስም ይጠራል። ቆስማስም ራሱ ዕጣን የሚበቅልበትን አገር ባርባሪያ ይለዋል። እንግዲህ ዕጣን የሚለቅሙት ባርባሮይ ማለት የሶማሌ ጠረፍና የኋላ አገሩ ሰዎች ማለት ነው። ራውሶዎች ከእነርሱ መካከል፣ ወደ መሀል አገር ገባ ብለው የሚኖሩ ናቸው። «አረመኔ» የሚለው ቃል ስድብ በመሆኑ ብቻ አይደለም ጥፋቱ፤ አቅጣጫውን ከካርታው ላይ ፍቆታል። አቅጣጫው ከጠፋ በኋላ ሜዳው የማንም ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ የራያም ጭምር።

የራያ ሜዳ ውሃ የሌለበት መሆኑን ደግሞ ማን ነገረው? ከምዕራቡ ደጋ የሚወርዱት እነ ጎሊናና ሆርማት አሉ። ገበሬው በክረምት የሚመጣውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ሲያጠጣ የኖረበት አገር ነው። የድምፁም ጉዳይ ቢሆን አይረዳም፤ «ራውስ» በሚለው ግንድ ውስጥ ያለው «ስ» በራያ የለም፣ በራያ ያለው «ይ»ም በራውስ የለም። የአክሱም ዘመን ጽሑፎች ራያ የሚል ስም አላቆዩልንም። በመካከለኛው ዘመን ይህ አካባቢና አዋሳኙ ይታወቅ የነበረው በአንጎት ስም ነው፤ በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም በዚሁ ስም ያውቀዋል።

ፍርዳችን ከበድ ያለ ቢመስል፣ እኛም ከዚህ ስሕተት ንጹሓን አለመሆናችንን መናገር ይገባናል። በወጣትነታችን ለተማሪዎች ባዘጋጀነው አንድ የትርጉም መልመጃ «ባርባሮይ»ን «ያልሠለጠኑ ሕዝቦች» ብለን መልሰናል፤ ያረመንም አልነበረም። የእንግሊዝኛው ትርጉም እንዲህ ስለሚል እንዲህ አልን። ግሪክኛውን ለማየት የተነሣነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በእንግሊዝኛ በኩል መምጣት ሌላም ጕዳት አለው። የግሪክኛ ስም በግእዝ ፊደል የሚጻፍበት ሥርዓት ለዘመናት ኖሮናል። መጻሕፍት ቅዱሳትን ከግሪክኛ የመለሱት የጥንት ተርጓሚዎች ትንፋሽ የሌላቸውን የግሪክኛ ድምፆች፣ ማለትም ፒን፣ ታውንና ካፓን፣ በአብዛኛው በጰ፣ በጠና በቀ ጻፏቸው፤ ትንፋሽ ያላቸውን ፊን፣ ቴታንና ኺን ደግሞ በፈ፣ በተና በከ። ጴጥሮስ፣ ቆሮንቶስ፣ ቍስጥንጥንያ በአንድ ወገን፣ ፊልጶስ፣ ማርታ፣ አንጾኪያ በሌላው ወገን ይህን ያሳያሉ፤ ፊልጶስ እንዲያውም ሁለቱንም በአንድ ቃል ይዟል። «ኢትዮጵያ» የሚለውም ስም የዚህ ሥርዓት ምስክር ነው፤ ቴታው ት፣ ፒው ጵ ሆኖ ተጽፏልና። በየቀኑ የምንጽፈው ጵ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ዛሬ ግን ቀሬና «ሳይሪን»፣ በጥሊሞስ «ፕቶለሚ» ሆነው ይመጣሉ። የወንጌሉን የቀሬና ሰው ስምዖንን የሚያውቅ አንባቢ፣ ምድርን የለካው ኤራጦስቴኔስ ከዚያው አገር የመጣ መሆኑን በ«ሳይሪን» ውስጥ ሊያገኘው አይችልም። ሥርዓቱን እስከ ጫፉ እንግፋው አንልም። «ስትራቦን»ን «ስጥራቦን» ብንለው አንባቢን ከማደናቀፍ በቀር የሚሰጠን የለም፤ የተለመደው ይቅር። ገና ያልተለመደውን ግን በሥርዓቱ መጻፍ ይቻላል፤ ሥርዓቱ ደግሞ ለጻፊ ብቻ ሳይሆን ለመርማሪም ይጠቅማል። በጽሑፉ «ጢያሞ» ከተባለ በኋላ «ጺያሞ የሚባሉት» የሚል ይከተላል። ገልባጩ ታውንና ዜታን አጣምሮ የጻፈው ግሪክኛ ፊደል የሌለውን አንድ የአገር ድምፅ ለመያዝ ሲታገል ነው። ወረቀቱ ይህን ሐረግ ድግግሞሽ መስሎት ትቶታል። ለድምፅ ታሪክ አጥኚ ከዝርዝሩ ሁሉ የከበረው ሐረግ ይኸው ነበር።

ስምን በጆሮ መፍታት የእኛ ብቻ ድካም አይደለም፤ ግሪኮችና ሮማውያንም በአገራችን ስሞች ላይ በሰፊው ሠርተውበታል። ፕሊኒ አዱሊስን የመሠረቷት ከጌቶቻቸው ያመለጡ የግብፅ ባሮች ናቸው ይላል። ታሪኩ ከየት እንደ ተወለደ ለመገመት አያስቸግርም፤ በግሪክኛ «ዱሎስ» ባሪያ ማለት ነው፣ በመነሻው የሚጨመረው «አ» ደግሞ አፍራሽ ነው። አንድ የአገር ስም ግሪክኛ ሆኖ ተሰማ፤ ከዚያም ስሙ ለራሱ ታሪክ ወለደ፤ ከተማዋም የሌሏትን መሥራቾች አገኘች። ዲዮዶሮስም ዓባይን የሚያመለክተውን «አስታጱስ» የሚል ስም በአገሬው ቋንቋ ከጨለማ የሚወጣ ውሃ ማለት ነው ብሎ ይፈታል። ምንጩ ለማይታወቅ ወንዝ ከዚህ የሚስማማ ፍቺ አይገኝም፤ መስማማቱ ራሱ ግን መጠርጠሪያ ነው።

ከሁሉ የሚገርመን የ«ትሮግሎዲታይ» ነገር ነው። በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች የቀደሙት ምንጮች፣ በተለይም በግብፅ የተገኙት ፓፒሩሶች፣ የሚጠሯቸው «ትሮጎዲታይ» ብለው ነው፤ «ል» የለበትም። በግሪክኛ ጉድጓድን ወይም ዋሻን የሚያመለክተው «ትሮግሌ» በገልባጮች ጆሮ ስላንቃጨለ አንዲት ተናባቢ ገባች፤ ሰዎቹም በአንዲት ፊደል ምክንያት ዋሻ ውስጥ ገቡ። በአማርኛ «የዋሻ ኗሪዎች» ብሎ የሚተረጕም ሁሉ የገልባጭን ስሕተት ለሕዝብ ጠባይ አድርጎ ያስተምራል። ከወረቀቱ ጋር በተያያዘው ካርታ ላይ ይኸው «የዋሻ ኗሪዎች አገር» በጕልህ ፊደል ተጽፎ አይተናል።

በአንጻሩ የሚተረጐም ስም አለ። በአዱሊስ ፊት ለፊት ያለችውን ደሴት የጉዞ መምሪያው «ኦሬይኔ» ይላታል፤ ተራራማ ማለት ነው። ዛሬ ደሴ ተብላ የምትታወቀው ደሴት እንደሆነች ይታመናል። ይህ ስም መርከበኛው ከሩቅ ያየውን የሚናገር የግሪክኛ ቅጽል እንጂ የአገሬው ስም አይደለም፤ ስለዚህ በመዝገብ ስሙም ትርጉሙም ሊገባ ይገባል። ከእርሷ ጋር «አላላዩ» የሚባሉት ደሴቶች ግን ዳህላክ ናቸው፤ እዚያ ግሪኩ የሰማውን ለመጻፍ ሞክሯል። በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የተጻፉ ሁለት ስሞች ሁለት የተለያየ አያያዝ ይፈልጋሉ።

ከዚህ ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንገባለን፤ ይኸውም ማንም ሄዶ ያላያቸው ቦታዎች ስም ነው። ሆሜሮስ ኢትዮጵያውያን በሁለት ተከፍለው በፀሐይ መውጫና በፀሐይ መግቢያ እንደሚኖሩ ይናገራል። ሄሮዶቱስ ካምቢሲስ ሰላዮች ልኮ ስላስጠናት ስለ ፀሐይ ማዕድ ያወራል። ስትራቦን የሆሜሮስን ቦታዎች ሁሉ በካርታ ላይ ለማስፈር ብዙ ገጽ ፈጅቷል። ከእርሱ በፊት የነበረው ኤራጦስቴኔስ ግን ባለቅኔው ሊያስደስት እንጂ ሊያስተምር አልተነሣም ባይ ነበር። የነፋሱን ስልቻ የሰፋው ቆዳ ሰፊ ሲገኝ ኦዲሴውስ የዞረባቸው አገሮችም ያን ጊዜ ይገኛሉ ብሎ መቀለዱን የምናውቀው በስትራቦን በኩል ነው። እኛ በዚህ ክርክር ከቀሬናው ሰው ጋር ነን። ነገር ግን መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቀልዶ ሊያልፍ አይችልም፤ ስሙ በመጽሐፍ አለ፣ ተርጓሚ ይጠይቃል፣ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

እዚህ ላይ የግእዝ ሀብት ይረዳናል፤ ያሳስተናልም። ሄሲዮድ ጀግኖች ከሞት በኋላ ይኖሩባቸዋል ለሚላቸው ደሴቶች ከእንግሊዝኛ «የተባረኩት ሰዎች ደሴቶች» ብሎ መመለስ የደረቀ አነጋገር ነው። «ብሔረ ብፁዓን» የሚል ውብ ስም አለን፤ እጅ ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል። ግን ይህ ስም ባለቤት አለው፤ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የታወቀ ቦታና የታወቁ ነዋሪዎች አሉት። በሄሲዮድ ጀግኖች ብንሞላው ሁለቱም ይደበላለቃሉ። «ደሰያተ ብፁዓን» ብንል የግእዙን ክብር ሳናጣ ልዩነቱን እንጠብቃለን። ለ«ሐዴስ» «ሲኦል» ማለትም እንዲሁ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ያደረገው በትክክል ነው፤ የሆሜሮስ ተርጓሚ ቢያደርገው ግን የግሪኮቹን የሙታን አገር የኃጥኣን ማሠቃያ ያደርገዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን «ኢትዮጵያ» ራሱ ነው። ግሪኮቹ ስሙን ከሚቃጠል ነገርና ከፊት ጋር አያይዘው ፈቱት፤ ይህም የጆሮ ፍቺ ሊሆን ይችላል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። የእኛ ትውፊት ደግሞ ኢትዮጲስ ከሚባል የኩሽ ልጅ ያመጣዋል። በአንድ የፊደል ቅርጽ ውስጥ የሆሜሮስ የዓለም ዳርቻ ሕዝብ፣ የሄሮዶቱስ ከግብፅ በላይ ያለው የመርዌ አገር፣ የሰብዓ ሊቃናት ኩሽ፣ እንዲሁም የአክሱም መንግሥት ተከማችተዋል። ሰብዓ ሊቃናት ዕብራይስጡ ኩሽ ባለው ቦታ ኢትዮጵያ ስላሉ፣ በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የኤደን ወንዝ ግዮን የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል፤ ትውፊትም ግዮንን ዓባይ ብሎ ያውቀዋል። ይህን ትውፊት ሐሰት ነው ብሎ ማጥላላት የመዝገበ ቃላት ሥራ አይደለም። ከየትኛው ቋንቋ በየትኛው ትርጉም እንደ መጣ መመዝገብ ግን ሥራው ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በግሪክኛና በግእዝ፣ እንዲሁም በሳባ ፊደል ባስቀረጸው ጽሑፍ ማዕረጉን ሲዘረዝር፣ በግሪክኛው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ባለበት ቦታ የአገሩ ቋንቋ ጽሑፍ «ሐበሠት» ይላል። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ሕዝብ፣ ሁለት ስም። የዋጃው አዛውንት «ከማን ጋር ስትነጋገሩ?» ያሉን ይህንኑ አልነበረምን? ንጉሡ ግሪክኛ ለሚያነበው ነጋዴ በግሪክኛው ስም፣ ለአገሩ ሰው በአገሩ ስም ተናገረ። ሁለቱን ቃላት «አንድ ናቸው» ብሎ መተርጐምም፣ «የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው» ብሎ መለየትም የድንጋዩን ሥራ ያፈርሳል።

ስለሆነም ለእንዲህ ያሉ ስሞች የሚዘጋጅ መዝገብ ስሙንና ፍቺውን ብቻ ይዞ ሊቀር አይችልም። ማን ጻፈው፣ በየትኛው ቋንቋ፣ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ፣ ጽሑፉ ስለ ቦታው ምን ይላል፣ ከድምፁ ሌላ የሚያጸናው ምስክር አለ ወይ የሚሉት ሊመለሱ ይገባል። ለምሳሌ «አዱሊስ» በሚለው ርእሰ ቃል ሥር የፕሊኒ ታሪክ ይገባል፤ የሚገባው ግን ስለ ስሙ እንደተነገረ ታሪክ እንጂ ስለ ከተማዋ ምሥረታ እንደ ማስረጃ አይደለም። «ጋምቤላ» ሁለት ርእሰ ቃል ሆኖ ይለያያል። «ላሲኔ» ሲባል ላስታን የሚያስብ አለ፤ ጽሑፉ ግን ፍል ውሃ ከሚፈልቅባቸው ገደላማ ተራሮች አጠገብ እንደሚኖሩ ብቻ ይናገራል፤ ፍል ውሃ ደግሞ በአገራችን ብዙ ቦታ ይፈልቃል። ስለዚህ ቦታው ያልተረጋገጠ ተብሎ ይጻፍ።

ለመምህሩ የላክንለት የ«ራውሶ» መግቢያ ይህን ይመስላል፦

ራውሶ፤ ስመ ሕዝብ፤ በግሪክኛ ብቻ የተገኘ። ምንጭ፦ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ዙፋን ላይ ያስጻፈው፤ በቆስማስ ግልባጭ የደረሰን። አቀማመጥ፦ ከዕጣን ለቃሚዎቹ የባርባሪያ ሰዎች መካከል፣ ውሃ በሌለባቸው ታላላቅ ሜዳዎች፣ ከባሕር ዳር ራቅ ብሎ። ከራያ ጋር ያለው ተመሳሳይነት የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልስ ጻፈልን። ቅንፉን ሰርዞ ጽሑፉን እንዳስተማረ፣ ተማሪዎቹም «ታዲያ የእኛ አገር ያን ጊዜ ስሙ ማን ነበር?» ብለው እንደ ጠየቁት፣ እርሱም በየሰፈራቸው ያሉትን የጕብታና የወንዝ ስሞች ከሽማግሌዎች ጠይቀው እንዲያመጡ እንዳዘዛቸው ነገረን። ካመጡት ውስጥ ጥቂቱን አያይዞልን ነበር። እኛ በአንድ ስም ብቻ የመዘገብነው አንድ ወንዝ በልጆቹ ዝርዝር ሦስት ስም ይዞ መጥቷል፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብም ማን እንደሚጠራበት ተጽፏል።